ባቡር በሌለበት ከተማ የሠራሁት ፉርጎ

መጋዘኑ ከሐይቁ ዳር ነበር። በሩ ከኋላዬ ሲቀረቀር መጀመሪያ ያገኘኝ የነቀዘ በቆሎ ሽታ ነው። እህሉ ከወጣ ቆይቷል፤ አሁን የሚከማችበት ሰው ነው። ከጣሪያው ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት አለች። በእሷ ብርሃን ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠው አየሁ። እኔ በሩን ተደግፌ ደርቄ ቀረሁ።

«ግባ እንጂ ልጄ» አለኝ አንድ የሽማግሌ ድምፅ። «በበሩ ስንጥቅ የምትመጣዋን ብርሃን እንኳ ከለልኸብን እኮ።»

ሰዎቹ ሳቁ። እንደዚህ ባለ ቦታ ሰው ይስቃል ብዬ አልጠበቅኩም። ሄጄ ከሽማግሌው ጎን ተቀመጥኩ። ከጣና ደሴቶች በአንዱ ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ናቸው። በምን እንደታሰሩ ስጠይቃቸው «በምላሴ» አሉኝ።

እኔ የተያዝኩት በዚያው ዕለት ጠዋት ከምሠራበት ፋብሪካ የጥገና ክፍል ነው። ሁለት የታጠቁ ሰዎች መጥተው «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» አሉኝ። ኮቴን ልይዝ ስል «ምን ያደርግልሃል፣ አሁን ትመለስ የለም?» አሉ። የእጄን ግራሶ እንኳ ሳልጠርግ ነው የሄድኩት። ምንም ያጠፋሁት ነገር ስለሌለ ብዙም አልፈራሁም። የዋህ ነበርኩ።

በማግስቱ መርማሪው ዘንድ ቀረብኩ። መቶ አለቃ ነው፤ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፤ ጥፍሩ በጣም ንጹሕ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አንድ የታጠፈ ወረቀት ዘረጋ። ሳየው ወዲያው አወቅኩት፤ የራሴ ሥዕል ነው። እውነቴን ነው የምለው፣ ደስ አለኝ። እዚህ ያመጣኝ ይሄ ከሆነ ሁለት ቃል ተናግሬ ቤቴ እገባለሁ ብዬ አሰብኩ።

ሥዕሉ የመንገደኛ ፉርጎ ሥዕል ነው። እኔ ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። አባቴ በባቡሩ መጠገኛ አናጢ ስለነበር ልጅነቴ ያለፈው በተሰባበሩ ፉርጎዎች ውስጥ እየተሽሎከለክኩ ነው። ሥራ አግኝቼ ባሕር ዳር ስመጣ ሁሉን ነገር ወደድኩት፤ ሐይቁን፣ ዓሣውን፣ ጥላውን። ባቡር ብቻ አጣሁ። ጠዋት ጠዋት ጆሮዬ ፊሽካ ይጠብቅ ነበር።

ስለዚህ በጓሮዬ ትንሽ ባቡር ልሠራ ተነሣሁ። ሐዲዱን ያወጣሁት ለፋብሪካችን የሚመጣው የጥጥ እስር ከሚታሰርበት የብረት ጥብጣብ ነው፤ ጥጡ ሲፈታ የሚጣል ነገር ነበር። ሞተሩን ከተበላሸ ቴፕ አወጣሁ። እንጨቱን የሠራልኝ ደግሞ ጎረቤቴ ነው። ከመራዊ ከተማ የመጣ፣ እጁ የተባረከ አናጢ። የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና ያነሣልኝ እሱ ስለሆነ አበልጅ ነበር የምንባባለው። በሕይወቱ ባቡር አይቶ አያውቅም። ስለ ባቡር የሚያውቀው ሁሉ ከእኔ አፍ የሰማው ነው። «በሩ ወዴት ነው የሚከፈት? ወደ ውጭ ነው ወይስ ይንሸራተታል?» እያለ ሲጠይቀኝ፣ እኔ ስመልስ፣ ቅዳሜ ከሰዓት እንዲሁ ያልቅ ነበር። ከወንድሞቼ ጋር እንኳ እንደዚያ ተቀምጬ አላውቅም።

አንድ ስሕተት ሠራን። ሲያልቅ ጠላ ጠምቀን፣ የሰፈሩን ሰው ጠርተን እናስመርቀዋለን ብለን ነገሩን ደበቅነው። ከእኛና ከባለቤቴ በቀር ያየው ሰው አልነበረም። ሥዕሉንም አበልጄ እያየው በሮቹን እንዲሠራ ቤቱ ወስዶት ነበር።

መቶ አለቃው በጣቱ ከሥዕሉ ግርጌ ያለውን ጽሑፍ አሳየኝ። ድሬዳዋ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ። ከየስሙ አጠገብ የመስቀል ምልክት አለ። ለጓሮው ጣቢያዎች ያወጣሁት ስም ነው፤ ድሬዳዋ ጉዋቫው ሥር፣ አዋሽ የውሃ ቧንቧው ጋ። መስቀሉ ሐዲዱ የሚገጣጠምበት ነው። ነገር ግን ጊዜው በምሥራቅ በኩል ጦርነት የነበረበት ጊዜ ነው። እውነተኛው ሐዲድ በየቦታው ይቆረጥ ነበር።

«ባሕር ዳር ባቡር አለ?» አለኝ።

«የለም፣ ጓድ መቶ አለቃ።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«መጫወቻ ነው። ጓሮዬ የምሠራው።»

«ዕድሜህ ስንት ነው?»

«ሠላሳ አራት።»

«በሠላሳ አራት ዓመትህ ትጫወታለህ?»

«አበልጄን ጠይቁት» አልኩ። «በሮቹን የሚሠራው እሱ ነው። ቤቴም ሂዱ፤ ሐዲዱ መሬት ላይ ተዘርግቷል።» መቶ አለቃው ጻፈው። እኔም ወደ መጋዘኑ የተመለስኩት ነገሩ አለቀ ብዬ ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና ተጠራሁ። «ጓሮህን አየነው» አለኝ። «ጉዋቫ አለ። ጎመን አለ። የተቆፈረ አፈር አለ። ሐዲድ የሚባል ነገር የለም።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ባለቤቴ በየቀኑ ምግብ ታመጣለች፣ ግን መነጋገር አይፈቀድም፤ የምጠይቀው ሰው የለም። በዚያ ሰሞን «ዕቃህን ይዘህ ውጣ» የተባሉ ሰዎች አይመለሱም ነበር። እኔ በገባሁበት ሳምንት ብቻ ከአጠገባችን አምስት ሰው እንዲያ ወጥቶ ቀርቷል። አሁን የእኔ ተራ መሆኑ ገባኝ። አፌ እንዳመጣልኝ ተናገርኩ።

«እዚሁ ልሥራው። ሥዕሉን ሳላይ እሠራዋለሁ። ከልኬቱ ከወጣ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ።»

መቶ አለቃው ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና አየኝ። «አሥር ቀን» አለ።

ስመለስ ለመሪጌታ ነገርኳቸው። ፂማቸውን እያሻሹ አሰቡ። «ኖኅ መርከቡን ሲሠራ ልኬቱን የነገረው እግዚአብሔር ነው» አሉኝ። «ላንተ ማን ነገረህ?»

«አባቴ» አልኳቸው።

እውነትም አባቴ ነው። ሜትር ጠፋብኝ ብሎ ሥራ የሚፈታ አናጢ አይወድም ነበር። አካሌ ማደጉን ሲያቆም እጄን ጠረጴዛ ላይ አስዘርግቶ እያንዳንዱን አንጓ ለክቶ አስጠንቶኛል። የሌባ ጣቴ ከጫፉ እስከ ሁለተኛው መታጠፊያ አምስት ሳንቲ ሜትር ነው። ሥዕሉ ደግሞ እያንዳንዱ የእውነት ሜትር በአምስት ሳንቲ ሜትር የተሣለ ነው። እንግዲህ የፉርጎው አንድ ሜትር ሁለት የጣቴ አንጓ ሆነ። ርዝመቱ እንዲህ ያለ አሥራ ሁለት ጣት።

ቤተሰብ ሳሙና ካመጣበት ካርቶን ግድግዳውን ቆረጥኩ። ምላጩን ጠዋት እየሰጠኝ ማታ የሚቀበለኝ ከሐይቁ ማዶ ከቁንዝላ የመጣ አንድ ልጅ ጠባቂ ነበር፤ ግማሽ ምላጭ ነው። ሸምበቆም ከሐይቁ ዳር ያመጣልኝ እሱ ነው፤ ሰንጥቄ የሦስተኛ ማዕረግ መቀመጫ ሠራሁበት። ኮላ ስላልነበረ ለታመመ ሰው በሚመጣ አጥሚት አጣበቅኩ። ሲደርቅ ከኮላ አያንስም። መንኮራኩሩ የለስላሳ ቆርኪ ነው፣ የመስኮቱ መስተዋት የሲጋራ ፓኮ ላስቲክ። የሳርዲን ጣሳ ጠርዝ ቆልምሜ ሰው ሲሳፈር የሚይዘውን ብረት አወጣሁ። ከወለሉ ሥር የሚያልፈውን የፍሬን ቱቦ መሪጌታ ከነጠላቸው በመዘዙት ክር ሠራሁት።

«ይህን ደግሞ ማን አጎንብሶ ያየዋል?» አሉኝ ክሩን እየሰጡኝ።

«ሥዕሉ ላይ አለ።»

«እንግዲያስ ይኑር።»

ጣሪያው አይጣበቅም ነበር። የጓሮ ባቡር ውጭ የሚያድር ስለሆነ ጉንዳን ይገባበታል፣ ቅጠል ይገባበታል፤ ስለዚህ እኔና አበልጄ ጣሪያው እንደ ሞሰብ ክዳን የሚነሣ እንዲሆን ተስማምተን ነበር። ፉርጎውን የሚያነሣ ሰው ከሥሩ፣ በሁለት እጁ፣ ወለሉ ያረፈበትን መድረክ ይዞ ነው ማንሣት ያለበት። ይህን የማያውቅ ሁሉ ከላይ ይይዘዋል። መሪጌታ የመጀመሪያው ሆኑ። ክዳኑ እጃቸው ላይ ሲቀር «በስመ አብ! ሰበርሁት!» ብለው ደነገጡ። መጋዘኑ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ አዲስ እስረኛ ሲገባ ፉርጎውን አንሣ ማለት ጨዋታ ሆነ፤ አንድም ሰው አልዳነም። የቁንዝላው ልጅም ጣሪያውን ይዞ ቀርቷል።

በአሥረኛው ቀን ይዤው ቀረብኩ። መቶ አለቃው እንደማንም ሰው ከላይ ያዘውና ክዳኑ እጁ ላይ ቀረ። አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ውስጡን አየ፤ መቀመጫውን፣ የኮት መስቀያውን፣ በሩ አጠገብ በፒን ጫፍ የጻፍኩትን «መትፋት ክልክል ነው»። ከዚያ ማስመሪያ አውጥቶ ከሥዕሉ ጋር አንድ በአንድ ለካው። ብዙ ጊዜ ፈጀ። ትልቁ ልዩነት የሁለት ሚሊ ሜትር ነበር።

«እጅህ አይዋሽም» አለ። «ፉርጎ መሥራት መቻልህን አየሁ። ለምን እንደምትሠራ ግን አላየሁም። ያን የሚያውቅ አንድ ሰው ነው ያልከው።» ወደ በሩ ጮኸ፤ አበልጄ ገባ።

ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ። ከመቀመጫዬ ልነሣ ስል ጠባቂው ትከሻዬን ተጫነኝ። አበልጄ ግን ወደ እኔ አልዞረም። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተከለ።

«ይሄን ሰው ታውቀዋለህ?» አለው መቶ አለቃው።

«በጉርብትና አውቀዋለሁ።»

በጉርብትና። ልጄን ታቅፎ የክርስትና ስሙን የተቀበለ ሰው ነው።

«ይሄ ወረቀት በፍተሻው እንዴት አንተ ቤት ተገኘ?»

«አስቀምጥልኝ ብሎ ሰጥቶኝ ነው። ምን እንደሆነ አላወቅሁም።»

«ይሄንንስ?»

ፉርጎውን አየው። «እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ባቡርም አይቼ አላውቅም።» ሁለተኛው እውነት ነበር።

«አንሣና በደንብ እየው።»

አበልጄ ጎንበስ አለ። ሁለት እጁን ከመድረኩ ሥር አስገባ፣ አውራ ጣቶቹን በጎንና በጎን አስደገፈ፣ ቀስ ብሎ አነሣው። ወደ ዓይኑ አስጠግቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የግድግዳውን መቃናት ተመለከተ፤ ጥሩ አናጢ ሣንቃ እንደሚያይ። መልሶ አስቀመጠው። ጣሪያው ከቦታው አልተነቃነቀም።

ሐዲዱን ከጓሮዬ የነቀለው ማን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ዝርዝሩን ባለቤቴ በኋላ ነግራኛለች። በተያዝኩ ማግስት ጆንያ ይዞ መጥቶ «ይህ ከተገኘ አበልጄን ይጨርሱታል» አላት። እሷም አምናው አብራው ቆፍራ ነቀለች። እሱ ሁሉንም በታንኳ ወስዶ ሐይቁ ውስጥ ጣለው። ያን ቀን ከልቡ ሊረዳኝ ብሎ ይሆናል እላለሁ አንዳንዴ። ብዙ ጊዜ ግን አልልም።

«አበልጅ» አልኩት። አልዞረም። «ሂድ» ሲሉት ሄደ።

መቶ አለቃው በሩ እስኪዘጋ ጠብቆ ፉርጎውን አነሣ። በዚህ ጊዜ ከሥሩ ነው የያዘው። «አየኸው?» አለኝ።

«አየሁት።»

«እኔም አየሁት። ውሸታም ነው።» ሲጋራ ለኮሰ። «ስማ፣ ለአንድ ወረቀት አንድ ሰው ይበቃኛል። ወረቀቱ የተገኘው እሱ ቤት ነው። የሱ ነው፣ የሣለውም ያሠራኝም እሱ ነው ብለህ ፈርም። ዛሬ ማታ ራትህን ቤትህ ትበላለህ።»

ብዕሩን ክዳኑን ከፍቶ ወደ እኔ አዞረው።

በዚያች ደቂቃ ስለ አበልጄ መልካም ነገር አሰብኩ ብል ውሸት ነው። ገብቶ የበቆሎውን ሽታ እንዲያሸት፣ «ዕቃህን ይዘህ ውጣ» ሲባል ልቡ እንዲቆም ተመኘሁ። ባለቤቴን አሰብኳት፣ ልጄን አሰብኩት። እጄም ወደ ብዕሩ ሄዶ ነበር። ከዚያ ዓይኔ ሥዕሉ ላይ አረፈ። የእያንዳንዱ መስመር ጫፍ እንዴት እንደተገናኘ አየሁት፤ ሦስት ወር የፈጀ ሥራ ነው። ባቡር አይቶ የማያውቅ ሰው ሣለው ብዬ እንዴት ልፈርም? አባቴስ ቢሰማ ምን ይለኛል?

«ወረቀቱ የእኔ ነው» አልኩ። «ከመስመሩ አንዱንም ሌላ ሰው አልሣለውም።»

«የምትለውን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ሥዕሉ የእኔ ነው።»

ብዕሩን መልሶ ከደነው። ፉርጎውን ይዤ ልወጣ ስል «ተወው» አለኝ። «ልጅ አለኝ፤ ለልጄ እወስደዋለሁ።»

መጋዘኑ ስገባ መሪጌታ ባዶ እጄን አዩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ከወዲያ ማዶ አንድ ሰው «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» አለ። መሪጌታ ዝም አሰኙት።

«ፉርጎውስ?» አሉኝ።

«መቶ አለቃው ወሰደው።»

«ምን ሊያደርገው?»

«ለልጁ።»

ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። «እንግዲያማ መጫወቻ መሆኑን ተቀበለህ!» አሉና ዕንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። የእኔ ሳቅ መሃሉ ላይ ወደ ልቅሶ ሲዞር መሪጌታ ነጠላቸውን ጣል አደረጉብኝ፤ ማንም እንዳያየኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ቆየሁ። መቶ አለቃው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ ፋይሌን ያነበበው ሰው ተለዋወጠ፤ አንድ ቀን «ሂድ» አሉኝ። መሪጌታ ቀድመውኝ ተፈትተው ወደ ደሴታቸው ተመልሰዋል። ቤቴ በገባሁ በሦስተኛው ቀን አበልጄ እንደ ማንኛውም ጠያቂ ስኳር ይዞ መጣ። «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» አለኝ። ከሰው መሃል ተቀመጠ፣ የቀረበለትን ቀመሰ፣ ሄደ። ባለቤቴ ከጓዳ አልወጣችም።

በአንድ እድር ነው ያለነው። ለቅሶ ቤት በአንድ ድንኳን እንቀመጣለን። ሰላምታ እንለዋወጣለን። ሰዎች ይቅር ብለኸዋል ይሉኛል፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ከአፌ አልወጣም። ስሙ ሲጠራ አሁንም ወሬ እቀይራለሁ።

በቅርቡ፣ ሁለታችንም ከዘራ ከያዝን በኋላ፣ ብቻውን ቤቴ መጣ። ሻይ አቀረብኩለት። ሐይቁ እየሸሸ ነው፣ እምቦጩ በዛ፣ ጉልበቴ ከዳኝ እያለ ብዙ ዞረ። በመጨረሻ፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጠርቶኝ በማያውቀው ስም ጠራኝ።

«አበልጅ» አለ። «ያ ነገር… ጊዜው ነው ያደረገው። ሰው ከሞት ጋር ሲፋጠጥ ያው ሰው ነው። እኔ ባልል አንተ ትለው ነበር። አንተም በእኔ ቦታ ብትሆን ያው ታደርግ ነበር።»

ያን ብዕር አላየም። ክፍሉን ለቅቆ ከወጣ በኋላ የተባልኩትን ማንም አልነገረውም። እሱ በቆመበት ጠረጴዛ ፊት እኔም በእሱ ቦታ እንደነበርኩ፣ በእሱም ላይ እንዳልፈረምኩ አያውቅም። ቃሉ ምላሴ ላይ መጣ፤ ይህን ያህል ዓመት የጠበቅኩት ቀን ይኸው ብዬ ነበር። ፊቱን አየሁት። ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ፣ እሺ እንድለው ብቻ ይጠብቃል። «አንተም ያው ታደርግ ነበር» በምትለዋ ቃል ተደግፎ ነው የኖረው፤ ልጆቹን ያሳደገው፣ ቤተ ክርስቲያን የቆመው። ብነግረው ከወንበሩ የሚነሣበት አቅም አይኖረውም።

«ጠጣ እንጂ፣ ሳይበርድ» አልኩት።

ጠጣ። ፊቱ ቀለል አለ። ሲነሣ ደረጃው ላይ እንዳይወድቅ ክንዱን ይዤ እስከ ውጭ በር ሸኘሁት። «እግዜር ይስጥህ አበልጅ፣ ዛሬ ገላገልኸኝ» አለኝ። እሱ ተገላግሎ ሄደ፤ እኔ በሩን ዘግቼ ብዙ ቆምኩ።